የሌላውን ስደት መልበስ ይቻላልን?

ሰው የራሱን ሐዘን ሲናገር "በምን መብትህ?" ብሎ የሚጠይቀው የለም። የሌላውን ሐዘን ሲናገር ግን ጥያቄው ተገቢ ይሆናል። ተርቦ የማያውቅ ስለ ረሃብ፣ ታስሮ የማያውቅ ስለ እስር፣ ከቀዬው ያልራቀ ስለ ስደት ሲናገር ንግግሩ ምን ያህል ይታመናል? በቃል መናገሩስ ይሁን፤ የሌላውን መከራ በገዛ ገላው ላይ አድርጎ፣ እየወደቀና እየተነሣ፣ እያቃሰተና እየተንቀጠቀጠ በሰው ፊት ቢያሳይ ምን እንለዋለን? አዛኝ ነው ወይስ በሰው ቁስል የሚነግድ? ምስክር ነው ወይስ ያላየውን አየሁ የሚል?

ጥያቄው የቴአትር ሰዎች ብቻ አይደለም። በቡና ላይ የስደተኛን ታሪክ ያወራ፣ በባሕር የሰጠሙ ወጣቶችን ፎቶግራፍ በስልኩ ተቀብሎ ለሌላው ያሳለፈ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰችውን የጎረቤት ልጅ "እስኪ ያየሽውን ንገሪን" ብሎ የጠየቀ ሁሉ ጥያቄው ይመለከተዋል። ሁላችንም የሌሎችን መከራ እየተቀበልን እናስተላልፋለን። ልዩነቱ የቴአትር ተማሪ ይህን የሚያደርገው ሆን ብሎ፣ ተለማምዶና ሰው ጠርቶ መሆኑ ነው። ስለዚህም እኛ ሳናስተውል የምናልፈውን ነገር እርሱ ቆም ብሎ እንዲያስበው ይገደዳል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን የአንዲት የቴአትር ጥበባት ተማሪ ልምድ ነው። ልጅቱ የእህቴ ልጅ ናት። እርሷና ሰባት የክፍል ጓደኞቿ ለመመረቂያ ሥራቸው ስለ ስደት አንድ አካላዊ ቴአትር በጋራ እንዲፈጥሩ ተመድበው ነበር። በሥራው ሳምንታት ያጋጠማቸውን በየጊዜው ስታወራልን፣ ከቴአትሩ ይልቅ ያጋጠማቸው ጥያቄ ትልቅ ሆኖ አገኘነው። ቴአትር በሸሪዓ ዓይን እንዴት ይታያል የሚለው ጉዳይ ዑለማኦች የተለያየ አስተያየት የሰጡበት ራሱን የቻለ ርእስ በመሆኑ እዚህ አናነሣውም። የምናነሣው ከቴአትርም ሰፋ ያለውን፣ የሌላውን ሕመም ተሸክሞ የመናገርን ኃላፊነት ነው።

በመጀመሪያ የሥራውን ዓይነት እናብራራ። በአገራችን ቴአትር ቃል ንጉሥ ነው። ደራሲ ይጽፋል፤ ተዋናይ ያጠናል፤ ተመልካችም የሚያደንቀው የንግግሩን ውበት ነው። በአካላዊ ቴአትር ግን ቃል ወደ ኋላ ይቀራል፤ ታሪኩን የሚናገረው ሰውነት ነው። አካሄዱ፣ አተነፋፈሱ፣ አወዳደቁ፣ አንዱ ሌላውን የሚሸከምበት መንገድ ሁሉ ንግግር ይሆናል። ይህን መንገድ በዓለም ካስፋፉት አንዱ ፈረንሳዊው ዣክ ለኮክ ነው። ለኮክ አስቀድሞ የስፖርት መምህር የነበረ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1956 ፓሪስ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፍቶ ከብዙ አገሮች የመጡ ተዋንያንን አሠልጥኗል። በጋራ መፍጠር የሚባለው ደግሞ ተዋንያኑ የተጻፈ ድርሰት ሳይዙ ተሰብስበው፣ ሰው ጠይቀው፣ እየሞከሩና እየጣሉ ሥራውን ከባዶ ሲያወጡት ነው። ደራሲ የለም፤ ስለዚህም "ደራሲው ነው ያለው" ተብሎ የሚሸሽበት ጥግ የለም። ለሚታየው ነገር ሁሉ ተጠያቂዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ርእሱ ለምን ስደት ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። የስደት ነገር በየቤታችን ገብቷል። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እንደመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ138,000 በላይ ሰዎች ከአፍሪካ ቀንድ ባሕር ተሻግረው የመን ገብተዋል፤ አብዛኞቹም የኛው አገር ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ደግሞ ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ሰዎች አስከሬን ተገኘ። ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነገረ። በሕይወት የወጡት 14 ብቻ ነበሩ።

ተማሪዎቹ የጀመሩት በዚህ በኋለኛው ነበር። የዚያን ኮንቴይነር ልክ ስለማያውቁ የተለመደውን አነስተኛ ኮንቴይነር ወሰዱ፤ ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር ከአርባ ገደማ ነው። 78 ሰዎች በዚያ ወለል ላይ ቢቆሙ ለስምንት ሰዎች የሚደርሰው አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ቦታ እንደሆነ አሰሉ። ያንን ያህል ቦታ በፕላስተር ወለሉ ላይ ምልክት አድርገው ስምንቱም ገቡበት። ለአሥር ደቂቃ ቆሙ። በአምስተኛው ደቂቃ አንዱ ክርኑን ለማሳረፍ የሌላውን ደረት መግፋት ነበረበት። በስምንተኛው ደቂቃ አንዲቱ "በቃኝ" አለች፤ ሁሉም ወዲያው ከፕላስተሩ ውጭ ወጡ፤ ውኃም ጠጡ።

የእህቴ ልጅ ከዚያ ቀን የያዘችው ነገር መጨናነቁን አልነበረም፤ "በቃኝ" የሚለውን ቃል ነበር። እኛ ይህ ቃል አለን፤ እነርሱ አልነበራቸውም አለች። አንድ ተማሪ የስደተኛን መከራ በሰውነቱ ሲሞክር የሚያገኘው እውቀት የመከራው እውቀት እንዳልሆነ እዚያ ላይ ይገለጣል። የሚያገኘው የርቀቱን እውቀት ነው። በእኔና በእርሱ መካከል አንድ ቃል፣ አንድ በር፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ እንዳለ ያውቃል። ይህ ትንሽ እውቀት አይደለም። "ገባኝ፣ እንደ እናንተ ሆንሁ" ብሎ ከሚመለስ ሰው ይልቅ "ምን ያህል እንደማላውቀው አሁን አወቅሁ" ብሎ የሚመለሰው ለተጎጂው የቀረበ ነው።

ማስመሰል ውሸት ነውን?

የመጀመሪያው ተቃውሞ ማስመሰል ውሸት ነው የሚል ነው። ያልተሰደደ "ተሰደድሁ" ሲል ዋሸ ይባላል። ነገር ግን ውሸት የሚታለል ሰው ይፈልጋል። ቴአትር ቤት የገባ ተመልካች ፊቱ የቆመው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆኑን ያውቃል። ምሳሌና ተረት የሚናገር ሽማግሌ ቀበሮ እንዳልተናገረች እያወቀ ቀበሮን ያናግራታል፤ ሰሚውም ያውቃል፤ ውሸታም ያለው ግን የለም። እንዲያውም ጥሩ የቴአትር ሰዎች ርቀታቸውን አይደብቁም። ፈረንሳዊቷ አርያን ምኑሽኪን ከቴአትር ዱ ሶሌይ ቡድኗ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ስደተኞች ባሳየችው ትልቅ ሥራ ተዋንያኑ መሬት አይረግጡም ነበር፤ ጎማ ባላቸው ትንንሽ መድረኮች ላይ ቆመው ሌሎች ተዋንያን እየገፉ ያመጧቸዋል፣ ይወስዷቸዋል። ተመልካቹ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያያል፦ የሚረግጠው መሬት የሌለውን ስደተኛ፣ እንዲሁም ተዋናይ መሆኑን ያልሸሸገውን ሰው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ አማል የተባለች ሦስት ሜትር ተኩል ቁመት ያላት አሻንጉሊት የሶርያ ስደተኛ ሕፃን ሆና ከቱርክ ጋዚያንቴፕ ተነሥታ እስከ እንግሊዝ ማንቸስተር ድረስ ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር ተጉዛለች። አሻንጉሊት መሆኗ ለማንም የተሰወረ አልነበረም፤ በየከተማው የወጣው ሕዝብ ግን እንደ ልጅ ተቀብሏታል።

ስለዚህ ማስመሰል በራሱ ውሸት አይደለም። ሌላ ውሸት ግን አለ፤ እርሱም ግማሹን አሳይቶ ሙሉ ነው ማለት ነው።

ተማሪዎቹ ልምምዳቸውን እንድታይላቸው ከሳዑዲ የተመለሰች አንዲት ሴት ጋበዙ። አሁን በሰፈራቸው የጀበና ቡና የምትሸጥ ናት። ዝም ብላ እስከ መጨረሻው ተመለከተች። ሲጨርሱ "ልጆቼ፣ ደክማችኋል፤ አላህ ይስጣችሁ" አለቻቸው። ቀጥላም "ግን እኔን የምታሳዩት ስሮጥና ስወድቅ ብቻ ነው። እኔ እኮ እዚያም ሰው ነበርሁ" አለች። ከዚያም ነገረቻቸው። ባሕር ለመሻገር ኦቦክ አጠገብ ሲጠብቁ ለሰባት ሴቶች አንድ ማበጠሪያ ብቻ እንደነበራቸውና በእርሱ እንደተጣሉ፤ አንዲቱ ልጅ የደላላውን አካሄድ እየመሰለች ሌሎቹን እንባቸው እስኪወርድ እንዳሳቀቻቸው፤ ጨው ያነሰበትን ሩዝ ማን እንዳበሰለው እየተጠቋቆሙ እንደተከራከሩ አወራች። ተማሪዎቹ በሥራቸው ውስጥ ሳቅም ማበጠሪያም አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያቺ ደላላውን የመሰለችው ልጅ ቴአትር እየሠራች ነበር። ከተማሪዎቹ በፊት፣ ያለ መብራትና ያለ መምህር፣ የስደተኞቹን ሕይወት በሰውነቷ የተጫወተች እርሷ ነበረች። ያደረገችውም ፍርሃትን ለማሳነስ ነው። እንግዲህ ስደተኛን መከራ ብቻ አድርጎ የሚያሳይ ሰው በአዘኔታ ስም ሰብአዊነቱን ይቀንስበታል። ተመልካቹም "ምስኪኖች!" ብሎ እንባውን ጠርጎ ይሄዳል፤ የሚያውቀውን ሰው ግን አላየም። ማበጠሪያ ላይ የምትጣላውን ልጅ ቢያይ የገዛ እህቱን ባየ ነበር።

ሌላም የጎደለ ግማሽ ነበር። በመጀመሪያው ልምምድ ጥፋተኛው ደላላው ብቻ ነበር። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ጥርሱን የሚያሳይ ጨካኝ። የተመለሰችው ሴት ግን ደላላዋ የእናቷ የሩቅ ዘመድ እንደነበረ፣ ቤታቸው ቡና ጠጥቶ እንደሄደ፣ ገንዘቡም ከወይፈን ሽያጭና ከብድር እንደተሰበሰበ ነገረቻቸው። ይህን ታሪክ ከወሎ እስከ ጅማ፣ ከአርሲ እስከ ሐረርጌ የማያውቀው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስለዚህ በመድረኩ ላይ አንድ አባት መጨመር ነበረበት፤ ብር የሚቆጥር አባት። ስምንቱም ሊጫወቱት አልፈለጉም። አንዱ ተማሪ ምክንያቱን ሳይሸሽግ "አባቴ ይመጣል፤ ታላቅ እህቴን የላካት እርሱ ነው" አለ።

በመጨረሻ ክፉም ደግም ሳያደርጉት አሳዩት። አባትየው ብሩን ቆጥሮ ለደላላው ይሰጣል፤ ከዚያ በዚያው እጁ ለልጁ ዱዓ ያደርጋል። ምንም ቃል የለም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ልጁን ይወዳታል፣ ልጁንም ወደ አደጋ ይልካታል። ድህነትና ተስፋ አንድን ሰው እንዲህ ያደርጉታል። ደላላውን ብቻ የሚወቅስ ቴአትር ለአዳራሹ ሰው ሁሉ ምቹ ነው፤ ማንም ደላላ ነኝ ብሎ አይቀመጥምና። ያ አባት ሲወጣ ግን አዳራሹ ራሱን ማየት ይጀምራል።

ታሪኩ የማን ነው?

ሁለተኛው ተቃውሞ ይህ የሰው ንብረት መውሰድ ነው የሚል ነው። ስደተኛዋ መከራውን ከፈለች፤ ተማሪው ውጤት ተሰጠው። ይህ ተቃውሞ ከመጀመሪያው የከበደ ነው።

በእስልምና ታሪክ ውስጥ ስለዚህ የሚያስተምረን አንድ ትልቅ ክስተት በገዛ ምድራችን ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ሐበሻ በገቡ ጊዜ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ከስጦታ ጋር ወደ ነጃሺ ላኩ። መልእክተኞቹ የስደተኞቹን ታሪክ በራሳቸው አፍ አቀረቡት፤ ስደተኞቹ ሳይጠየቁም ተላልፈው እንዲሰጧቸው ፈለጉ። ነጃሺ ግን ባለቤቶቹን ሳይሰማ አሳልፎ እንደማይሰጥ ወሰነ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ቆሞ ለራሱና ለወንድሞቹ ተናገረ፤ ከሱረቱ መርየምም አነበበ፤ ንጉሡም አለቀሰ። ይህን ታሪክ በዝርዝር ያስተላለፈችልንም ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናት፤ እርሷም ከስደተኞቹ አንዷ ነበረች። ተናጋሪውም ተራኪዋም ራሳቸው ባለ ጉዳዮቹ ነበሩ። የነጃሺ ፍትሕ የተመሠረተው ለማዘን ከመቸኮል ይልቅ መጀመሪያ በመስማት ላይ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ደንብ ቀላል ነው። ባለቤቱ መናገር በሚችልበት ቦታ ቦታውን ልንለቅለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዐማን ውስጥ የሶርያ ስደተኛ ሴቶች የጥንቱን የግሪክ ቴአትር "የትሮይ ሴቶች"ን ከራሳቸው ታሪክ ጋር አዋሕደው ራሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው አሳይተዋል። ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። ይሁን እንጂ በቴቴ የተገኙት 64 ሰዎች መድረክ ላይ መውጣት አይችሉም። ስለ እነርሱ ሌላ ሰው ካልተናገረ ማንም አይናገርም። ሌላም አለ፤ መናገር እየቻለ ፊቱን ማሳየት የማይፈልግ። ቡና የምትሸጠዋ ሴት "እናንተ አሳዩት፤ እኔ ግን መድረክ ላይ አልወጣም፤ ልጄ ትምህርት ቤት አለ" ብላለች።

በዚህን ጊዜ ታሪኩ አማና ይሆናል። አማና የተቀበለ ሰው ዕቃውን እንደ ባለቤት አያዝበትም፤ አይጥለውምም። ተማሪዎቹ ይህን በሥራ ለመተርጎም ሦስት ነገር አደረጉ። ታሪኩን ከመውሰዳቸው በፊት ለምን እንደሚፈልጉት ተናገሩ። ሠርተው ከማሳየታቸው በፊት ለባለቤቷ አሳዩ፤ አውጡት ያለችውንም አወጡ። ስሟንና ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ አስቀሩ። ውጤት የሚሰጣቸው መምህር ካየው በፊት ያየችው እርሷ ናት። ይህ ቅደም ተከተል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሥራው ዳኛ ማን እንደሆነ የሚያሳውቀው እርሱ ነው።

ቁስልን መንካት

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይበረታል። እሺ አልዋሻችሁም፤ እሺ ፈቃድ ጠየቃችሁ፤ ታዲያ የቆሰለውን ሰው ደግማችሁ ለምን ታቆስላላችሁ?

ይህ ጥያቄ የቴአትርን ያህል ዕድሜ አለው። ቅድመ ልደት በ494 የግሪኮች ከተማ ሚሌጦስ በፋርሶች ስትወድቅ ለአቴናውያን እንደ ወገን ሞት ነበር። ፍሪኒኩስ የተባለ ደራሲ ውድቀቷን በቴአትር ባሳየ ጊዜ አዳራሹ በልቅሶ እንደ ታመሰ፣ አቴናውያንም የራሳችንን መከራ አስታወስኸን ብለው 1,000 ድራክማ እንደ ቀጡትና ሥራው ዳግም እንዳይታይ እንደ ከለከሉ የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ይነግረናል። ከዓመታት በኋላ በቅድመ ልደት 472 ኤስኪለስ የተባለ ሌላ ደራሲ በዚያው በአቴና የጠላቶቻቸውን የፋርሶችን ሐዘን አሳየ፤ የመጀመሪያውን ሽልማትም አገኘ።

እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው አንድ ነገር እናስተውላለን። የራስ ሐዘን ሲታይ ቅጣት፣ የሩቅ ሰው ሐዘን ሲታይ ሽልማት። ጭብጨባ ብዙ ጊዜ የርቀት ምልክት ነው። የእህቴ ልጅም ይህን በዓይኗ አይታዋለች። በመጀመሪያው ቀን ትርኢት የኮንቴይነሩ ክፍል ላይ ሰባቱ ተዋንያን ስምንተኛዋን በእጃቸው ወደ ላይ አንሥተው አየር ፍለጋ ሲያወጧት እንቅስቃሴው እጅግ የሠመረ ስለነበር ከፊት ረድፍ ጭብጨባ ተነሣ። የታፈኑ ሰዎች ትንፋሽ በጭብጨባ ተመለሰ። ከኋላ ረድፍ ደግሞ አንዲት እናት ተነሥተው ወጡ። አንድ አዳራሽ፣ ሁለት ዓይነት ሰው። በማግስቱ ያንን ማንሣት ሰበሩት፤ ልጅቷ ግማሽ ድረስ ወጥታ ተንሸራታ ትወርዳለች፤ የሚያጨበጭብበት ቦታ ያገኘ ሰው አልነበረም። ውበቱ ቀነሰ። እውነቱ ግን የቀረበ ሆነ።

ይሁን እንጂ ትልቁ ፈተና የመጣው ከዚያ አስቀድሞ ነበር። ከተማሪዎቹ የአንዱ ጎረቤት የሆኑ እናት ልጃቸው ከአራት ዓመት በፊት በባሕር ለመሻገር ከቤት ወጥቷል። ከኦቦክ አንድ ጊዜ ደውሏል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ የለም። ተማሪዎቹ ሥራቸውን ሊጨርሱ ያሰቡት አንድ ወጣት ባሕር ውስጥ ሲወድቅ፣ ጓደኞቹ ተሸክመው ሲያወጡትና በነጭ ጨርቅ ሲሸፍኑት ነበር። የእናትየውን ልጅ ታሪክ ስለሚመስል ሊያስፈቅዱ ቤታቸው ሄዱ። እናትየው በጸጥታ አዳምጠው ሲያበቁ "ከፈኑን ማን ሰጣችሁ?" አሏቸው። "እኔ ልጄን አልቀበርሁትም። እናንተ ለምን ትቀብሩብኛላችሁ?"

ለዚህ ጥያቄ በቴአትር መጻሕፍት ውስጥ መልስ የለም። በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ግን የጠፋ ሰው፣ መፍቁድ፣ የሚባል ምዕራፍ አለ። ሰው ወሬው ሲጠፋ ወዲያው ሞተ አይባልም። ንብረቱ አይከፋፈልም፤ ሚስቱም ባሏ እንደሞተባት ሴት ወዲያው አትቆጠርም። የሚጠበቀው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ አንዱ አራት ዓመት ሲል ሌላው የእድሜ እኩዮቹ እስኪያልፉ ድረስ ይላል። የሚስማሙበት ግን በጥርጣሬ ሰውን መቅበር እንደማይገባ ነው። በሕይወት መኖሩ የታወቀ ሰው፣ መሞቱ እስኪታወቅ ድረስ ሕያው ነው።

እንግዲህ ቃዲ ለመወሰን ዓመታት የሚጠብቀውን ነገር መድረክ በአንድ ሰዓት ሊወስነው ይገባልን? መድረክ ከቃዲ መቸኮል የለበትም። የጥበብ ሰው መጨረሻ ይወዳል፤ ታሪኩ እንዲዘጋ፣ ተመልካቹም እፎይ ብሎ እንዲያለቅስ ይፈልጋል። የጠፋ ሰው እናት ግን ያጣችው መጨረሻውን ነው። እርሷ የሌላትን መጨረሻ እኛ ፈጥረን ብንሰጣት ያጽናናናት መስሎን ያለንን ታላቅ ውሸት ነገርናት ማለት ነው።

ተማሪዎቹ ነጩን ጨርቅ ተዉት። በምትኩ ሰባቱ አንድ ትሪ ከበው ይቀመጣሉ፤ የስምንተኛው ቦታ ክፍት ነው። ማንም አይጠጋበትም። ይበላሉ፤ አንዲቱ ለዚያ ቦታ ትቆርሳለች፤ መብራቱ ይጠፋል። እናትየውን ደግመው ሄደው ነገሯቸው። "እንዲህ ከሆነ ይሁን" አሉ፤ ለማየት ግን አልመጡም። አለመምጣታቸው መብታቸው ነው። ሌላውን የሚያነቃው ነገር እርሳቸውን የሚያደማ ከሆነ፣ ስለ ሌላው መንቃት ሲባል ድሙ ሊባሉ አይገባም። አቴናውያን ፍሪኒኩስን መቅጣታቸው ልክ ላይሆን ይችላል፤ ሐዘንተኛው ራሱ "አላይም" የማለት መብት እንዳለው ግን አይካድም።

ከዚህ ሁሉ ምን እንወስዳለን? የሌላውን ስደት መልበስ ይቻላልን? ሙሉ በሙሉ አይቻልም፤ ልኩ የተሰፋው ለባለቤቱ ነው። መሸከም ግን ይቻላል። የሚለብስ ሰው የራሱ ያደርገዋል፤ የሚሸከም ሰው ግን የማን እንደሆነ አይረሳም፤ ሲያበቃም ለባለቤቱ ይመልሳል። ምእመናን እንደ አንድ አካል መሆናቸውን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩን፣ አንዱ ብልት ሲታመም ሌላው እንዲሰማው ነው። ዓይን ለታመመ እግር እንቅልፍ ያጣል፤ ዓይን ግን እግር ነኝ አይልም።

ውድ አንባቢያን፣ መድረክ ላይ የምንወጣ ጥቂቶች ነን። ሆኖም ከዐረብ አገር የተመለሰች እህት፣ የጠፋ ልጅ ያላቸው እናት፣ ነገ ለመሄድ በልቡ የወሰነ ወጣት በየቤታችን ዙሪያ አሉ። የተመለሰችውን "ስንት ይዘሽ መጣሽ?" ከማለት በፊት ዝም ብሎ መስማት፤ የነገረችንን ሳታስፈቅደን ለሌላ አለማውራት፤ የጠፋውን ልጅ እናት ፊት ስለ እርሱ "ነበር" እያሉ አለመናገር፤ ልጁን ለመላክ ብር የሚቆጥረውን አባት ከመውቀስ በፊት ለምን እንደሚቆጥር መጠየቅ፣ የሚቻልም ከሆነ ልጁ እዚሁ የሚሠራበትን መንገድ አብሮ መፈለግ፦ እነዚህ ልምምድም መብራትም አይጠይቁም። ስምንት ተማሪዎች በሳምንታት ድካም የደረሱበትን እኛ በአንድ የቡና ሰዓት ልናደርገው እንችላለን።

የጠፉትን አላህ በደኅና ይመልስልን፤ ለሚጠብቁትም ሶብሩን ይስጣቸው።